የአያቴ ሸክላዎችና የ50 ኸርዝ ነገር
(ለቤት የሚሆን የሸክላ ማጫወቻ እንዴት ይመረጣል?)

እንደሚታወቀው በቡሌቲናችን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ሶላር ሴል፣ ስለ ኳንተም ወይም ስለ ፈተና አጠናን ናቸው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን የቤት ጉዳይ ነው። ነገሩ በአንደኛ ዓመት የተማርነውን ፊዚክስ ከላይ እስከ ታች የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ደግሞም ባለማወቅ ያጠፋነውን ሌላው ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው የጻፍኩት።

አያቴ የሚኖሩት አሊዩ አምባ ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኝ፣ ጥንት ከታጁራ ወደብ ተነስተው ወደ ሸዋ የሚወጡ ነጋድያን ግመላቸውን የሚያራግፉባት የገበያ ከተማ ናት። አያቴ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ነበሩ። ታዲያ አዲስ አበባ በደረሱ ቁጥር አንድ አንድ ሸክላ እየገዙ ይመለሱ ነበር። በዚህ ሁኔታ የተጠራቀሙ 31 ሸክላዎች በአንድ የብስኩት ካርቶን ውስጥ አሉ። ማጫወቻው ግን ድሮ ተበላሽቶ ስለቀረ ሸክላዎቹ ከአርባ ዓመት በላይ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠው ኖሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ በሻንጣ መልክ የተሠራች፣ ስፒከሯ እዚያው ውስጧ ያለ ትንሽ ማጫወቻ ገዝታ ላከችላቸው። ደስታው ሌላ ነበር! አያቴ ቀድመው ያወጡት የብዙነሽ በቀለን ሸክላ ነው፤ ሟች አያቴ ትወደው የነበረ ነው። እሱኑ ሸክላ ከ20 ጊዜ በላይ ደጋገምነው። ከዚያ ግን ድምፁ ከፍ በሚልበት ቦታ ሁሉ የሚንጫጫ፣ ዘይት ላይ ውሃ የተረጨ የሚመስል ድምፅ መስማት ጀመርን። "መርፌው ቆሽሾ ነው" ብለን ብንጠርገውም አልለቀቀም። ሸክላው ራሱ ተጎድቷል።

ቀጥሎ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የተሻለ ማጫወቻ ከነትራንስፎርመሩ አመጣ። ይኼኛው ቆንጆ ነው፤ ሆኖም ዘፈኑ ሲጀምር አያቴ ፊታቸውን አጨማደዱና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሕሙድ አይደለም እኮ! እንቅልፍ የያዘው ሰው ነው" አሉኝ። እኔም "አባባ፣ ከቆየ ብዛት ረስተውት ይሆናል" አልኳቸው። እንደምታዩት የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ሸክላ በኛ አገር

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሸክላ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ የሚቀርጸውን ፎኖግራፍ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ሲሆን፣ ኤሚል በርሊነር ደግሞ በ1887 ጠፍጣፋውን ዲስክ አመጣ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በድምፅ ቀርጻ ልካለች። ያ ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በመደረጉ ዛሬ የለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል።

ዛሬ በየቤቱ የሚገኙት ግን አብዛኞቹ ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣት ሥራ ጀመረ፤ በ1975 ከአገር እስኪወጣም ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትሟል። ፊሊፕስም ነበረ። በብዙዎች ዘንድ "አሊ ታንጎ" በመባል የሚታወቀው አሊ አብደላ ኬይፋ በበኩሉ በኬይፋ ሪከርድስ ስም የማሕሙድ አሕመድን "እሬ መላ መላ" እ.ኤ.አ. በ1975 አውጥቷል። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሲዲ ብዙዎቹን እንደገና ለዓለም አሰማ። ሆኖም ሁሉም ሸክላ ወደ ሲዲ አልተገለበጠም። ስለዚህ በአንድ ሰው ካርቶን ውስጥ ያለ ሸክላ ከቀሩት ጥቂት ቅጂዎች አንዱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማጫወቻ ስንመርጥ መጠንቀቅ ያለብንም ለዚህ ነው።

1ኛ. ፍጥነት

ሸክላዎች በሦስት ዓይነት ፍጥነት የተሠሩ ናቸው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የቆዩትና ተሰባሪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ረጅሙ አልበም በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ፣ በ1949 የወጣው ትንሹ ነጠላ ሸክላ ደግሞ 45 ጊዜ ይዞራል። የአያቴ ሸክላዎች ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ባለ 45 ናቸው።

አሁን ወደ አሜሪካው ማጫወቻ ልመለስ። በብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሲንክሮነስ የሚባለው ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ እንጂ በቮልቴጁ አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ፍሪኩዌንሲውን ግን አይነካም። በመሆኑም ሞተሩ በ50/60፣ ማለትም በ5/6 ፍጥነት ይዞራል።

ይህን እንዴት አረጋገጥኩ? ቀላል ነው። ከሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩና የእጅ ሰዓት ይዤ ለአንድ ደቂቃ ዙሩን ቆጠርኩ። 45 መሆን ሲገባው 37 ተኩል ሆነ። 45 ሲባዛ በ5/6 ልክ 37.5 ነው። ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፤ 440 ኸርዝ የሆነው ድምፅ ወደ 367 ኸርዝ ይወርዳል። በሙዚቃ ሰዎች አነጋገር ሦስት ግማሽ ቶን ያህል መውረዱ ነው። ቅኝቱ በራሱ አይለወጥም፣ ምክንያቱም ሁሉም ድምፅ እኩል ነው የሚወርደው። የዘፋኙ ድምፅ ግን ይወፍራል፣ ይጎተታል። አያቴ አርባ ዓመት ሙሉ አልረሱም ነበር፤ ጆሯቸው ከኔ ትራንስፎርመር ይበልጣል።

ሰዓት ይዞ መቁጠር ካልተመቸ ሌላ ዘዴ አለ። በ50 ኸርዝ የሚሠራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በደቂቃ 6000 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። 6000 ሲካፈል ለ33 ከ1/3 የሚሰጠው 180 ነው። ስለዚህ ክብ ወረቀት ላይ በፕሮትራክተር በየ2 ዲግሪው አንድ፣ በጠቅላላው 180 መስመሮችን አስምሮ ማጫወቻው ላይ ማስቀመጥ ነው። ፍጥነቱ ትክክል ከሆነ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ከዘገየ ወደ ኋላ፣ ከፈጠነ ወደ ፊት የሚሄዱ ይመስላሉ። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ግን ብርሃናቸው ስለማይርገበገብ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ድሮ የምናውቀው ቢጫ አምፖል ይሻላል።

መፍትሔውስ? ሦስት መንገድ አለ።

ሀ) በዲሲ ሞተር የሚሠራና ፍጥነቱን በራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ማጫወቻ መምረጥ። በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ትክክለኛ ቮልቴጅ ካለው ባትሪ ወይም ሶላር ጋር አገናኝቶ መጠቀምም ይቻላል።

ለ) ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለውን፣ ሞተሩ በቀጥታ ሳህኑን የሚያዞረውን መምረጥ። ቴክኒክስ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ዓይነት ለገበያ አቅርቦ በ1972 ታዋቂውን ኤስኤል-1200ን አወጣ። ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚጠበቅ የመብራቱ ኸርዝ አያሳስበውም። ቮልቴጁ ግን ለኛ አገር የሚሆን መሆኑን ከኋላው የተጻፈውን አንብቦ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሐ) በቺንጋ የሚዞር ሲንክሮነስ ሞተር ያለው ማጫወቻ ካላችሁ ፑሊውን መለወጥ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። የፑሊው የ45 ደረጃ በካሊፐር ሲለካ 15 ሚሊ ሜትር ሆነ። በ6/5 ሲባዛ 18 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የ33ቱ ደረጃ ደግሞ ከ11.1 ወደ 13.3 ይሆናል። ይህንን ሥዕል ይዤ ደብረ ብርሃን ቶርኖ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ከነሐስ አውጥቶ ሰጠኝ።

ገጥሜ በሦስት ደቂቃ ስቆጥር ግን 135 መሆን ሲገባው 134 ሆነብኝ። ለምን? የቺንጋውን ውፍረት ረስቼ ነበር! ቺንጋው ፑሊው ላይ ሲጠመጠም ትክክለኛው ዲያሜትር የፑሊው ብቻ ሳይሆን የፑሊውና የቺንጋው ውፍረት ድምር ነው፤ በ6/5 መባዛት የነበረበትም ይኸው ድምር ነበር። ቺንጋው 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፑሊው 18.12 መሆን ነበረበት። ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ ጆሮ አይለየውም፤ እንዲሁ ተውነው። አያቴ እንደሰሙ "አሁን ነቃ" አሉ።

2ኛ. መርፌው

ሸክላችንን ያበላሸው የመጀመሪያው ማጫወቻ ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በርካሽ የሻንጣ ማጫወቻዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሴራሚክ የሚባለው ካርትሪጅ ነው። ይህ ዓይነቱ መርፌውን በሸክላው ላይ አምስት ግራምና ከዚያ በላይ በሆነ ክብደት የሚጫንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው፣ በመርፌው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ኤሌክትሪክ የምታመነጭበት (የፋራዳይ ሕግ ማለት ነው) ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ግራም በሚሆን ክብደት ይበቃዋል።

"ለጥቂት ግራም ነው እንዴ ይህ ሁሉ?" የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ሁለት ግራም ወደ 0.02 ኒውተን ነው። መርፌው ሸክላውን የሚነካበት ስፋት 50 ካሬ ማይክሮ ሜትር ነው ብንል ግፊቱ 400 ሚሊዮን ፓስካል፣ በሌላ አነጋገር ወደ 4000 የሚጠጋ የከባቢ አየር ግፊት ይሆናል። አምስትና ስድስት ግራም ሲሆን ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። ያረጀ መርፌ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ጠፍጥፎ እንደ ማረሻ ያርሰዋል። የታረሰ ሸክላ ተመልሶ አይድንም።

ቢሆንም በጣም ማቅለልም አይጠቅምም። ክብደቱ ከሚገባው በታች ከሆነ መርፌው በከፍተኛ ድምፅ ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ እየዘለለ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ስለሆነም ካርትሪጁ ላይ የተጻፈውን መጠን መከተል ነው። መለኪያ ከሌለ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። እጀታው ላይ ክብደቱ የማይስተካከልና መርፌው የማይለወጥ ማጫወቻ ግን ምንም ቢያምር ለቆየ ሸክላ አትግዙ።

መርፌም ዕድሜ አለው። እንደ ጫፉ አቀራረጽ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ገደማ ያገለግላል። መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ የማይታወቅ ያገለገለ ማጫወቻ ከተገዛ በቅድሚያ መርፌውን መለወጥ ነው። በሌላ በኩል የ78ቱ ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ በ45ቱ መርፌ ማጫወት ለሁለቱም ጥሩ አይደለም።

3ኛ. ፎኖ የሚባለው ነገር

ብዙ ሰው ጥሩ ማጫወቻ ገዝቶ ከጂፓሱ ወይም ከዲቪዲ ስፒከሩ ጋር አገናኝቶ "ድምፁ እንደ ትንኝ ነው" ሲል የሚማረረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ሙቪንግ ማግኔት ካርትሪጅ የሚሰጠው ወደ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። የተለመደው የኦክስ መግቢያ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ 100 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በ40 ዴሲቤል ማጉላት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀነስ፣ ቀጭኑ ደግሞ እንዲጎላ ተደርጎ ነው። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ በጣም እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል፤ ቀጭኑ ካልጎላ ደግሞ በሸክላው ጭርጭርታ ይዋጣል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባል አንድ መስፈርት ተወሰነ። ስናጫውት ታዲያ በተቃራኒው መመለስ አለብን፤ በ20 ኸርዝ ወደ 20 ዴሲቤል ከፍ፣ በ20 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ ወደ 20 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል።

የቆዩ አምፕሊፋየሮች ከኋላቸው "ፎኖ" የሚል መግቢያ አላቸው። አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎች ደግሞ ፕሪአምፑ ውስጣቸው ስላለ በቀጥታ ኦክስ ላይ ይሰካሉ። ከሁለት አንዱ ከሌለ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ሁለቱም ካሉ ግን አንዱ ይጥፋ፤ ያለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይጎላና ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የምድር ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ ማሰርም አይረሳ፤ እሷ ስትዘነጋ "እእእም" የሚል የ50 ኸርዝ ጩኸት ይመጣል።

4ኛ. ስፒከርና ቦታ

ስፒከር ላይ ብዙ አልልም፤ ያላችሁ ይበቃል። በአያቴ ቤት የሚሠራው ያው የድሮው የጂፓስ ስፒከር ነው። ዋናው ነገር ስፒከሩንና ማጫወቻውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አለማስቀመጥ ነው። መርፌ የሚያነበው ንዝረትን ነው፤ ንዝረቱ ከዘፈኑ ይምጣ ከጠረጴዛው አይለይም። የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው በኩል ተመልሶ ወደ መርፌው ሲገባ ድምፁ እየዞረ ይጮሃል። እንዲሁም ማጫወቻው አግድም የተስተካከለ መሆኑን በግንበኞች ውሃ ልክ ማየት ነው። እኛ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን አድርገን አስተካከልን።

5ኛ. አያያዝ

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ጋር ሲነጻጸር ሞቃት ነው። ቪኒል የሚባለው የሸክላ ፕላስቲክ ሙቀት ሲያገኘው ይጣመማል፤ ስለዚህ ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። ተደራርቦ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሳ፤ በጣም ከቆሸሸ በተጣራ ውሃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ወረቀቱ ሳይነካ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በ78ቱ ሸክላ ላይ ግን አልኮል ፈጽሞ አይነካ! የተሠራበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ጎረቤታችን አንድ ቀን "በአረቄ ብንወለውለው ይጠራል" ሲሉ የደረስኩት በሰዓቱ ነው።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ገንዘብ ውስን ለሆነበት ሰው (ማለትም ለሁላችንም) ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። በመጀመሪያ ክብደቱ የሚስተካከልና መርፌው የሚለወጥ ማጫወቻ፤ ቀጥሎ አዲስ መርፌ፤ ሦስተኛ በ50 ኸርዝ ትክክለኛ ፍጥነት፤ አራተኛ ፎኖ ፕሪአምፕ፤ ስፒከር መጨረሻ። መጥፎ ስፒከር ዛሬ ብቻ ነው የሚያስቀይመው፤ ነገ ይለወጣል። የፍጥነት ስህተትም ይታረማል። መጥፎ መርፌ ያጠፋው ግን አይመለስም።

አሁን እሑድ እሑድ እየሄድኩ የአያቴን ሸክላዎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። 22 ጨርሻለሁ። የብዙነሽን ሸክላ ግን መጨረሻ ላይ ትቼዋለሁ። በአዲሱ መርፌ ስንሞክረው ሻል ይላል፣ ያ የሚንጫጫው ድምፅ ግን አሁንም አለ። አያቴ ምንም አላሉኝም፤ "ለሷም እንዲህ ሲጮህ ነበር የምትወደው" ብለው ቀለዱ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችሁ አልጋ ሥር ወይም ቆጥ ላይ ሸክላ ካለ ለመስማት አትቸኩሉ። አርባና ሃምሳ ዓመት የጠበቀ ሸክላ ሁለት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይሆንም። መርፌውን እዩ፣ ዙሩን ቁጠሩ፣ ከዚያ አጫውቱ። ቸር ይግጠመን!